እባብን በመታደሱ ጊዜ ስለ መርዳት

ሰው በእጁ ለያዘው ፍጥረት ሁሉ ባለዕዳ ነው። ይህ ነገር ስለ በሬና ስለ ፈረስ ሲነገር የማይቀበለው የለም፤ ስለ እባብ ሲነገር ግን አንዱ ይሥቃል፥ ሌላው ይቈጣል። እባብ የሚታወቀው በገነት ባደረገው ማሳትና በጥርሱ በያዘው መርዝ ነውና። ነገር ግን ምሕረት እስከ የት እንደሚደርስ፥ በምንስ ልክ እንደሚደረግ ለመመርመር የሚወደደውን እንስሳ ትቶ የሚጠላውን መውሰድ ይሻላል። በሚወደደው እንስሳ ዘንድ ፍቅርና ዕዳ ተደባልቀው አይለዩም፤ በሚጠላው ዘንድ ግን ፍቅሩ ስለሌለ ዕዳው ብቻውን ቆሞ ይታያል።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርትም የእባብ ነገር አንድ ወገን ብቻ አይደለም። ሙሴ የናሱን እባብ በምድረ በዳ ሰቀለው፤ ሕዝቡ ዕጣን ስላጠኑለት ደግሞ ንጉሡ ሕዝቅያስ ሰበረው። በ6ኛው መቶ ዓመት ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ አቡነ አረጋዊ ወደ ደብረ ዳሞ ተራራ የወጡት ዘንዶ ተሸክሟቸው እንደ ሆነ ገድላቸው ይተርካል። እንግዲህ እባብ ቆሌ ነው ተብሎ ቅቤና ወተት የሚቀርብለት አይደለም፤ ደግሞም በታየበት ሁሉ በድንጋይ የሚቀጠቀጥ ብቻ አይደለም። ፍጥረት ነው፤ የፍጥረት ሥርዐትም አለው።

ከሥርዐቱ አንዱ ቆዳውን መለወጡ ነው። በጥንት ዘመን ከጽርእ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፊሳልጎስ የተባለው መጽሐፍ ስለዚህ ሲናገር፥ እባብ ባረጀ ጊዜ ቆዳው እስኪላላ ድረስ 40 ቀንና 40 ሌሊት ይጾማል፤ ከዚያም ጠባብ የድንጋይ ስንጥቅ ፈልጎ በዚያ ሲሾልክ አሮጌው ቆዳ ተገፎ ይቀራል፥ እርሱም ይታደሳል ይላል። መምህራንም ጾሙን በንስሐ፥ ስንጥቁን በጠባቡ ደጅ እየመሰሉ አስተምረውበታል። ዛሬ የእባብን ጠባይ የሚመረምሩ ሊቃውንት ከዚህ አንዳንዱን ያጸናሉ፥ አንዳንዱን ያርማሉ። እባብ ቆዳውን ሊለውጥ ሲል ብዙ ጊዜ መብል ይተዋል፤ ሸካራ ነገርም ይፈልጋል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን የሚለውጠው ባረጀ ጊዜ ብቻ አይደለም። ከልጅነቱ ጀምሮ እስኪሞት ድረስ ይለውጣል፤ እንዲያውም ፈጥኖ የሚያድገው ግልገሉ ከሸመገለው ይልቅ ደጋግሞ ይለውጣል። ንስሐን ለሽምግልና ለሚያቆይ ሰው ይህ እርማት ራሱ ሌላ ትምህርት ነው።

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው፥ ቀድሞ ሀገረ ሕይወት ትባል በነበረችው በአምቦ አካባቢ፥ በካብ ሥር ወይም በወንዝ ዳር የሚኖር እባብ ለዚህ ሥራው ረዳት አይሻም። ክረምት ሲሆን ምድሩ ሁሉ እርጥብ ነው። በጋው ደርቆ ሣሩ በቢጫነት ሲለወጥም ከድንጋይ ሥር ርጥበትን፥ ከካቡ ጠርዝ ሸካራነትን ያገኛል። ጊዜው ሲደርስ በአሮጌውና በአዲሱ ቆዳ መካከል ፈሳሽ ይገባል፤ ዐይኑም እንደ ጉም ይደፈርሳል። እባብ የዐይን ቆብ የለውምና፥ ዐይኑን የሚሸፍነው እንደ መስተዋት የጠራ ቅርፊት ነው፤ እርሱም ከቆዳው ጋር ይለወጣል። በዚያን ጊዜ በደንብ ስለማያይ ይሸሸጋል፥ ቢነኩትም ይቈጣል። ከጥቂት ቀን በኋላ ዐይኑ ይጠራል። ከዚያም አፍንጫውን በድንጋይ እያሻሸ ቆዳውን በከንፈሩ ዙሪያ ይከፍታል፤ የእግር ሹራብ ሲወልቅ እንደሚገለበጥ፥ ቆዳውም እስከ ጅራቱ ጫፍ ድረስ ተገልብጦ በአንድነት ይወጣል።

መከራው የሚመጣው ሰው እባቡን ወስዶ በመስተዋት ሣጥን ባኖረው ጊዜ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ እባብን በቤት ማኖር የተለመደ ነው፤ ከምዕራብ አፍሪካ፥ ከጋና ከቶጎና ከቤኒን፥ ሲፈራ እንደ ኳስ የሚጠቀለለው ትንሹ ዘንዶ ለዚሁ ንግድ በብዛት ተወስዷል። በሣጥኑ ውስጥ መብል አለ፥ ሙቀትም አለ፤ ነገር ግን ሙቀቱ አየሩን ያደርቀዋል፥ መስተዋቱም ልስልስ ነው። ውኃ የጠማው፥ የታመመ ወይም መዥገር የወረረው እባብ ደግሞ ይብሳል። ያን ጊዜ ቆዳው በአንድነት መውጣቱ ቀርቶ እየተቀደደ በሰውነቱ ላይ ይጣበቃል። የዐይኑ ቅርፊት ሳይወልቅ ይቀራል። በጅራቱ ጫፍ የቀረው ቀለበት ሲደርቅ እንደ ክር ያንቀዋል፤ ደም መሄጃ ያጣል፥ ጫፉም ይሞታል።

በዚህ ጊዜ ሁለት ዐይነት ሰው ይሳሳታል። አንደኛው ችኩል ነው፤ የተጣበቀውን ቆዳ በጥፍሩ ይጎትታል። ከሥሩ ያለው አዲሱ ቆዳ ገና ያልጸና ነውና አብሮ ይላጣል፤ የዐይኑንም ቅርፊት በግድ ያነሣ እንደ ሆነ ዐይኑን ሊያጠፋው ይችላል። ሁለተኛው ቸልተኛ ነው፤ የፍጥረቱ ሥራ ነው፥ ራሱ ይታገል ብሎ ይተወዋል፤ ጅራቱም ይበሰብሳል። የቀናው መንገድ በሁለቱ መካከል ነው። ለብ ያለ፥ ከ30 ዲግሪ ያልበለጠ ውኃ ጭንቅላቱን በማይሸፍን ልክ ይደረግለታል፤ እየጠበቁት ግማሽ ሰዓት ያህል ይቈያል። ከዚያም በረጠበ ሸካራ ጨርቅ መካከል ራሱ እንዲሾልክ ይተዉታል፤ በሣጥኑም እርጥብ መሸሸጊያና ሸካራ ድንጋይ ይቀመጥለታል። የዐይኑ ቅርፊት እንዲሁም ካልወጣ አይነካም፤ ርጥበቱ ተስተካክሎ የሚቀጥለው ለውጥ ይጠበቃል፥ ወይም ለእንስሳት ሐኪም ይታያል።

ይህን የሚያደርግ ሰው ቸርነት አደረግሁ ሊል አይገባውም። ውኃው የወንዙ ዳር ምትክ ነው፤ ጨርቁ የድንጋዩ ስንጥቅ ምትክ ነው። በመያዙ የወሰደውን መለሰ እንጂ ከራሱ የጨመረው የለም። ስለዚህ አንድ ሰው የፊሳልጎስ እባብ ማን ረዳው ብሎ ቢከራከር፥ መልሱ ቅርብ ነው፤ ያ እባብ ስንጥቁ ነበረው። ስንጥቁን የነሣ ሰው ግን ራሱ ይታገል ለማለት አፍ የለውም። ዳግመኛም፥ ዕዳ የሚከፈለው በባለ ገንዘቡ ፍላጎት ልክ ነው እንጂ በከፋዩ ችኮላ ልክ አይደለም። እባቡ የተነሣው ርጥበትና ድንጋይ ነው፤ የሚመለስለትም ይኸው ነው። ቆዳውን መጣል ግን ማንም አልወሰደበትም፤ የራሱ ሥራ ነው።

በሰውም ዘንድ እንዲህ ነው። የቅኔ መምህር ደቀ መዝሙሩን ከእናት ከአባቱ ለይቶ በጎጆ ያኖረዋል፤ መንገዱን ይነግረዋል፥ ቅኔውን ሲነግረውም ሰምቶ ያርመዋል። ነገር ግን ቅኔውን እርሱ ቢቈጥርለት ተማሪው ለዘለዓለም ቅኔ የማይቈጥር ሆኖ ይቀራል። አንጥረኛም ወርቁን ለማፍሰስ ሰሙን በእሳት አቅልጦ ያስወጣዋል እንጂ በጉጠት አይስበውም፤ ቢስበው ቅርጹ ይፈርሳል። የንስሐ አባትም የልጁን ኃጢአት አስቀድሞ ራሱ እየዘረዘረ፥ ሳያለቅስ እያስለቀሰ፥ ሳይጸጸት እንደ ተጸጸተ እየቈጠረ ቢቸኩል፥ አዲሱን ሰውነት ከአሮጌው ጋር ይልጠዋል። ዳግመኛ በሩን ዘግቶ፥ ቃሉን አምርሮ፥ ጊዜ የለኝም እያለ ቢተወው፥ የታነቀው ነገር ይሞትበታል፤ ዕዳውም በእርሱ ላይ ይሆናል፤ ነፍሱን በእጁ የተቀበለ እርሱ ነውና። ከአባት የሚፈለገው ርጥበት ነው፤ ይኸውም ትዕግሥት፥ የለዘበ ቃል፥ ለመናዘዝ የሚያስደፍር ፊት ነው። ከዚያም ጋር ሸካራው ድንጋይ ያስፈልጋል፤ ይኸውም ያልላላ ቀኖና ነው። በልስልስ መስተዋት ላይ የሚታሽ ቆዳ አይከፈትምና።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የዐይኑ ነገር ነው። ረዳቱ ሁሉን አድርጎ፥ ቅርፊቱ በዐይን ላይ ቀርቶ ሲያይ፥ እጁን ሊሰድድ ይወድዳል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ቢነካው የሚያበራው ይመስለዋል። በዚህ ጊዜ እጅን መሰብሰብ ቸልታ አይደለም። ውኃውን ያላቀረበ ሰው እጁን ቢሰበስብ ሰነፍ ነው፤ ውኃውን አቅርቦ ድንጋዩን አኑሮ እጁን የሚሰበስብ ግን ዕዳውን ከፍሎ የቀረውን ለፈጣሪ ጊዜ የተወ ነው።