ከደጀ ሰላም እስከ ቅኔ ማኅሌት

ለማኝ ባይኖር ኖሮ መጽዋች በምን ይጸድቅ ነበር?

ጥያቄው ለቀልድ የተነሣ ይመስላል። ማታ በዶርም ሻይ እየጠጣን ብናነሣው አንዱ ይስቅበታል፤ ሌላው «ወንድሜ፣ አትፈላሰፍብን» ይላል። ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም። በወር በወሩ በ12 ለሚካኤል፣ በ19 ለገብርኤል፣ በ21 ለማርያም፣ በ23 ለጊዮርጊስ ወደ ደብሩ የሚሄድ ሰው በአጥሩ ሥር ተደርድረው የተቀመጡትን ያያል፤ ዓይነ ስውሩን፣ እግሩ የሰለለውን፣ የሥጋ ደዌ ጣቱን የበላበትን። ብሩን ይመነዝራል፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያድላል፣ ተሳልሞ ይገባል። የተቀመጡት ግን አይገቡም። እሱ የሚያልፍበት ደጅ ለእነሱ መዋያ ነው። እኔም ማንሣት የምፈልገው ይህንኑ ነው፦ የሰጠ ሰው ዕዳውን ከፍሏል ወይ? ወይስ ምጽዋቱ ራሱ፣ ሳናስበው፣ ያንን ሰው በደጅ የሚያስቀር ግድግዳ ሆኗል?

ምጽዋትን ለማጥላላት አልተነሣሁም። ጡረታ የሌለው፣ ዘመድ የከዳው ሰው ዛሬ ማታ የሚበላው ከዚያች ሳንቲም ነው። «ምጽዋት ልመናን ያበረታታል» እያለ ኪሱን ቆልፎ የሚያልፍ ምሁር ስስቱን በፍልስፍና የሚሸፍን ነው። ምጽዋት ትእዛዝ ነው፤ ይሰጥ። የእኔ ጥያቄ ከሰጠን በኋላ ስለሚመጣው ነው።

ከመካከላችን አንድ ዓይነ ስውር ተማሪ አለ። ሕግ ያጠናል፤ በብሬይል ያነባል፤ በክርክር ደግሞ የሚረታው ሰው ገና አላየሁም። አንድ እሑድ ጠዋት ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ፣ ነጭ ዱላውን ይዞ ለቅዳሴ ሄደ። ሰው ስለበዛ በአጥሩ ጥግ ቆሞ ሲጸልይ አንዲት እናት መጥተው መዳፉን ገልጠው ብር አኖሩበት። «እግዚአብሔር ይማርህ ልጄ» ብለው ሄዱ። ሲያወራልን አልተቆጣም። «ቸገረኝ እኮ!» ነው ያለው። «ብመልስላቸው በረከታቸውን የነጠቅኋቸው ይመስላቸዋል። ዝም ብዬ ብቀበል ደግሞ ለጸሎት የመጣሁት ሰውዬ የት ገባ? ተከትያቸው ሄጄ ‹እማማ፣ እኔም እንደ እርስዎ ልጸልይ ነው የመጣሁት› ልበላቸው?» በመጨረሻ ብሩን አጠገቡ ለተቀመጠው ሰጠው።

እኚያ እናት ክፉ አልሠሩም። እንዲያውም በዚያች ጠዋት ቀርቦ እጁን የነካ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ተማርን የምንለው ሰላም ሳንለው አልፈን ይሆናል። ችግሩ ያለው በእጃቸው ላይ አይደለም፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ በአእምሯቸው በተሳለው ሥዕል ላይ ነው። በዚያ ሥዕል ዓይነ ስውር በቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ከቆመ ለማኝ ነው። ሌላ ቦታ ተሰጥቶት አላዩም።

ይህ ሥዕል ከየት መጣ? የበላዔ ሰብእን ታሪክ ከመካከላችን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም፤ የካቲት 16 ለኪዳነ ምሕረት ይተረካል። 78 ነፍስ የበላ ሰው በመንገድ ላይ በቁስል የተመታ ድኻ አግኝቶ፣ ያ ድኻ ውኃ ለምኖት፣ በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውኃ ሰጠው። በፍርድ ሚዛን ላይ ያች ጥርኝ ውኃ ከ78ቱ ነፍስ በለጠች። ትልቅ ታሪክ ነው፤ ተስፋ ለቆረጠ ሁሉ ተስፋ ይሰጣል። ግን እስቲ አንድ ጊዜ ከዚያኛው ወገን ሆነን እንየው። የተጠማው ሰውዬ ስሙ ማን ነበር? ውኃውን ጠጥቶ ወዴት ሄደ? ቁስሉን ማን አጠበለት? ታሪኩ የበላዔ ሰብእ ነውና ድኻው ብቅ ብሎ ይጠፋል። በዚህ ታሪኩን አልወቅስም፤ ማናቸውም ታሪክ ባለቤት አለው። ጥፋት የሚሆነው እኛ ኑሯችንን በሙሉ እንደዚያ ስናነበው ነው፤ እኔ ባለ ታሪክ፣ ጉዳተኛው ደግሞ የእኔ መጽደቂያ።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው የሥነ ምግባር ድርሰቱ ሰው ራሱ ግብ መሆኑን፣ መሣሪያ ብቻ ተደርጎ መቆጠር እንደሌለበት አስተምሯል። ማስተዋል የሚገባን «ብቻ» የምትለዋን ቃል ነው። ሁላችንም አንዳችን ለአንዳችን በረከት እንሆናለን፤ ያ ነውር አይደለም። ነውሩ ያ ሰው ከዚያ ሌላ ምንም ሳይሆን ሲቀር ነው። እኔ ከእሱ በረከት ካገኘሁ፣ እሱም ከእኔ ጋር ቆሞ የሚያመሰግንበት፣ የሚያስተምርበት፣ ሲያስፈልግም የሚገሥጸኝ ቦታ ሊኖረው ይገባል።

ሁለተኛው ሥዕል የፈውስ ሥዕል ነው። በዚህኛው ጉዳተኛው ወደ ውስጥ የሚገባበት አንድ መንገድ አለው፤ እሱም ድኖ ነው። በጸበሉም ቦታ ይሁን በወንጌላውያኑ የጸሎት ጉባኤ፣ ክራንቹን ጥሎ የሄደ ሰው ምስክርነቱ ይሰማል፣ እልል ይባልለታል። እልልታውን የሚጠላ የለም። ግን ክራንቹን ይዞ ወደ ቤቱ የተመለሰውስ? ለእሱ ማን እልል ይበልለት? ብዙ ጊዜ የሚከተለው ሹክሹክታ ነው፦ «እምነት ጎድሎት ነው»፣ «የወላጆቹ ኃጢአት ይሆናል»። ይህን ጥያቄ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ራሳቸው ዓይነ ስውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ጠይቀውታል። የተሰጣቸውም መልስ የእሱም የወላጆቹም ኃጢአት አይደለም የሚል ነው። መልሱ ከተሰጠ ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ጥያቄው ግን በየሰፈሩ ዛሬም እንደ አዲስ ይጠየቃል።

አሜሪካዊቷ የሥነ መለኮት ሊቅ ናንሲ አይስላንድ ከልደቷ ጀምሮ አካል ጉዳተኛ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመችው መጽሐፍ ያነሣችው ነገር ቀላል ይመስላል፤ ግን እንቅልፍ ይነሣል። ክርስቶስ ከሙታን ሲነሣ የተቸነከረ እጁንና የተወጋ ጎኑን ይዞ ነው የተነሣው። ክብር ማለት ቁስልን መደምሰስ ቢሆን ኖሮ ቶማስ የሚያየው ምልክት ባልነበረም። እንግዲህ በክርስቲያን እምነት ከሁሉ የከበረው አካል ጠባሳ ያለበት አካል ነው። ይህን የሚያምን ሰው «ፍጹም አካል» ሲል ምን ማለቱ እንደ ሆነ ደግሞ ማሰብ አለበት።

እኛም ከሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በየቤቱ በተሰቀለው ሥዕላቸው በአንድ እግራቸው ቆመው፣ የተቆረጠችው እግር በአጠገባቸው ሆና ይታያሉ። ጥር 24 ቀን የእግራቸው መሰበር ራሱ ስባረ አጽም ተብሎ በበዓል ይታሰባል። የአንድ እግሩን ጻድቅ ሥዕል ስመን ስንወጣ፣ በደጁ በአንድ እግሩ የተቀመጠውን ተሻግረን የምናልፍ ከሆነ፣ ሥዕሉን አየነው እንጂ አላነበብነውም።

«ኦሪትስ?» የሚለኝ ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 21 ከአሮን ዘር የአካል ጉድለት ያለበት ወደ መሠዊያው እንዳይቀርብ ይከለክላል፤ ከቅዱሱ እንጀራ መብላትን ግን አይከለክለውም። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 23 ደግሞ የተሰለበ ሰው ወደ ጉባኤው እንዳይገባ ያዛል። ተጽፏል፤ አልተጻፈም ማለት አይቻልም። እስቲ አሁን የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን እንክፈት። የሕንደኬ ባለሟል የሆነው ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሠረገላው ላይ ተቀምጦ የኢሳይያስን ትንቢት ያነባል። ያለበት ክፍል 53ኛው ምዕራፍ ነው። ጥቂት ቢገልጥ፣ 56ኛው ላይ፣ ለእንደ እሱ ያሉ ሰዎች በእግዚአብሔር ቤት ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚበልጥ ስም እንደሚሰጣቸው ተስፋ ተጽፎ ያገኛል። ውኃ ካለበት ሲደርሱ ጃንደረባው እንዳይጠመቅ የሚከለክለው ነገር ይኖር እንደ ሆነ ፊልጶስን ጠየቀው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ፊልጶስ አይሁዳዊ ነው፤ ሕጉን ያውቃል። «አዎ፣ የሚከለክል አለ፤ ዘዳግም 23» ለማለት ይችል ነበር። ወይም «መጀመሪያ ሰውነትህ ይፈወስ፣ ከዚያ እናያለን» ሊለው ይችል ነበር። ሁለቱንም አላለም። ሁለቱም ወደ ውኃው ወረዱ፤ አጠመቀው። ቤተ ክርስቲያናችን የክርስትናዋን ጅማሬ የምትቆጥረው ከዚህ ሰው ነው። እንግዲህ በራሳችን ትውፊት ወንጌል ወደ ኢትዮጵያ የገባው ሕጉ ከጉባኤ በከለከለው አካል ነው። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ክርስቲያን በደጅ ቢቀር ኖሮ እኛ ዛሬ የት ነበርን?

ሌላም የማያቋርጥ ክርክር አለ፤ «ቅዳሴው ረጅም፣ ሥርዓቱ ከባድ፤ ጉዳተኛ እንዴት ይችለዋል?» የሚል። ለዚህ መልሱ በቅኔ ማኅሌቱ ውስጥ ቆሟል፤ መቋሚያ ይባላል። ሌሊቱን ሙሉ በማኅሌት መቆም ለጤነኛ እግርም ይከብዳል፤ ስለዚህ አባቶች ለጤነኛው ሁሉ ዱላ ሰጡት። ደብተራው በመቋሚያው ሲደገፍ ማንም «ድኩም ነው» አይለውም፤ እንዲያውም ያምርበታል። ከአጥሩ ውጭ ክራንች ብለን ያዘንንለት ነገር ከውስጥ ሲገባ የክብር ዕቃ ሆነ። ልዩነቱ በእንጨቱ ላይ አይደለም። አንዱን ሁሉም ይዞታል፤ ሌላውን አንድ ሰው ብቻውን ይዞታል። የጸሎት አዳራሽ ድምፅ ማጉያም እንደዚሁ ነው፤ ጆሮው ደኅና የሆነውን ሰው ከኋላ ሆኖ እንዲሰማ የሚረዳ መሣሪያ ነው። ድካም የሁላችን ነው። የአንዳንዶቻችን ድካም መደገፊያ ተሠርቶለታል፤ የሌሎቻችን ገና አልተሠራለትም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ለዚህ ነው።

ቤተ ክርስቲያንም ይህን ጨርሳ አታውቀውም ማለት ሐሰት ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ዓይነ ስውራን ቅኔውን፣ ዜማውን በቃላቸው አጥንተው መምህር ሆነዋል፤ ዓይናማው ደቀ መዝሙር ከእግራቸው ሥር ቁጭ ብሎ ተምሯል። ለምን ተቻለ? ትምህርቱ በቃል ስለሆነ በር ነበረው። በር ሲኖር ለማኝ ይሆናል የተባለው ሰው የኔታ ሆኖ ይገኛል።

መስማት ለተሳናቸው ግን ያ በር ጠባብ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ እምነት ከመስማት እንደሚመጣ አስተምሯል፤ ታዲያ የማይሰማውስ? የገዛ ቋንቋችን መልስ አለው። አንድ አባት «ልጄ አይሰማኝም» ሲል ስለ ጆሮ አይደለም የሚያወራው። መስማት በአማርኛ መረዳትም መቀበልም ነው፤ ያ ደግሞ በዓይንና በእጅም ይሆናል። በሆሳዕና ከተማ መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን መስማት የተሳናቸው የሚማሩበት ትምህርት ቤት አቁማለች፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የምልክት ቋንቋ በዲግሪ ደረጃ ትምህርት ሆኗል። እንግዲህ ትምህርቱ ካለ፣ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ በስብከት ሰዓት አለመኖሩ የማይቻል ስለሆነ አይደለም፤ ያልታሰበበት ስለሆነ ነው።

ሕግ ይህን ያስተካክለዋል ብሎ የሚጠብቅ ካለ በከፊል ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አካል ጉዳተኞችን እንዲደግፍ ደንግጓል፤ አገራችን የአካል ጉዳተኞች መብቶችን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. ተቀብላለች። ጥሩ ነው። ነገር ግን በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ታላቁ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ሱቁንም ሆቴሉንም ደረጃህን አስተካክል ሲል የሃይማኖት ተቋማትን ከዚያ ግዴታ ነፃ አድርጓቸዋል። ባለ ጋሪው ሰው ወደ ሲኒማ ቤት በሕግ ሲገባ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን በምእመናኑ ፈቃድ ብቻ ይገባ ማለት ነው። ሕግ በደጀ ሰላሙ ላይ ሲቆም፣ ከዚያ ወዲያ የሚቀጥለው ሕሊና ነው። ሕሊና ካልቀጠለ ማንም አይቀጥልም።

የዓለም ጤና ድርጅት ከዓለም ሕዝብ ከ6 ሰዎች 1ዱ ከባድ የአካል ጉዳት እንዳለበት ይገምታል። ሒሳቡን ሥሩት። 600 ሰው በሚሰበሰብበት ጉባኤ ወደ 100 የሚሆኑት የት አሉ? ሁሉም ደጅ ላይ አይደሉም። ብዙዎቹ ቤት ናቸው፤ በጓዳ ተደብቀው፣ «ሰው ያየዋል» ተብሎ በር ተዘግቶባቸው።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በግቢ ጉባኤም ይሁን በፌሎሽፕ የምንሰበሰብ ሁላችን፣ ከእኛ የሚጠበቀው ብዙ አይደለም። ስብሰባውን ከሦስተኛ ፎቅ ወደ ምድር ቤት ማውረድ ገንዘብ አይጠይቅም። የመዝሙሩን ግጥም ለዓይነ ስውሩ አስቀድሞ ማንበብ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ከመርዳታችን በፊት «ልርዳህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ፣ «አይ፣ ደኅና ነኝ» ሲል አለመቀየም ይቻላል። ከሁሉ ይልቅ ግን ሥራ እንስጥ፤ ያንብብ፣ ይዘምር፣ ያስተምር፣ ሒሳብ ይያዝ፣ ሲሳሳትም እንደማናችንም ይወቀስ። የማይወቀስ ሰው ገና እንግዳ ነው።

ምጽዋቱ ይቀጥል፤ የተራበ ሊበላ ይገባል። ዛሬ ማታ ግን ስንት ሰጠሁ ብለን ከመቁጠራችን በፊት ማን ጎደለ ብለን እንቁጠር።