የተሳላሚ ዓይን

በካይሮ፣ በሓረት ዙዌላ፣ ወደ ኢየሩሳሌም የሚሻገሩ ኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች በጥንት ዘመን ያርፉ ነበር። ከካይሮ ወደ አባ እንጦንስና ወደ አባ ጳውሊ ገዳማት የሚወርድ መንገደኛም በግመል ብዙ ቀን ይደክም ነበር። ዛሬ ግን መኝታና ምድጃ ባለው መኪና የሚጓዝ ቤተ ሰብ በጥቂት ሰዓት ዓይን ሱኽና ይደርሳል፤ ከዚያም ባሕሩን በግራው፣ የገላላን ተራራ በቀኙ አድርጎ ወደ ደቡብ ይወርዳል።

እንግዲህ ቅዱሳንን ለመሳለም የወጣ ሰው በመንገድ ቆሞ ባሕሩንና ወፎቹን ቢመለከት፣ ልቡን ከፈለ ይባላልን?

አዎን የሚሉ አሉ። ዓይን የምኞት በር ናት፤ ለጸሎት ያወጣውን ቀን ለራሱ ሰረቀ ይላሉ። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ቅዱስ አትናቴዎስ በጻፈው ገድል፣ እንጦንስ ወደ ውስጠኛው በረሃ በደረሰ ጊዜ ከተራራው ሥር የሚፈልቀውን ውኃና ጥቂቶቹን ዘንባባዎች አይቶ ቦታውን እንደ ወደደ ይነገራል። ዓለምን የናቀው አባት ቦታን ወደደ! ውኃ ሊጠጡ የመጡ አራዊት አትክልቱን ባበላሹበት ጊዜም አንዱን በቀስታ ይዞ ወቀሰው እንጂ አልመታውም። ስለዚህ የሚመረመረው ማየቱ ሳይሆን አስተያየቱ ነው፤ እንግዳ ሆኖ የሚያይ አለ፤ ባለቤት ሆኖ የሚያይም አለ።

በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ደግሞም በነሐሴና በመስከረም፣ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሽመላዎች ከንስሮች ጋራ በስዊዝ ባሕረ ሰላጤ ዳር ያልፋሉ። የሚጓዙት ክንፋቸውን በመምታት ሳይሆን ከጋለ ምድር በሚነሣ አየር ላይ በመንሳፈፍ ነው፤ ባሕር እንዲህ ያለውን አየር ስለማይሰጥ የብስን ይከተላሉ። በኢትዮጵያ ማሳዎች አንበጣ ሲለቅሙ የሚታዩትም ሽመላዎች የዚሁ መንገድ ተጓዦች ናቸው። ሌሊት በበረሃው ያርፋሉ። አሸዋው ሳይሞቅ የበረገገ ወፍ ግን በክንፉ ብቻ ሊነሣ ግድ ይሆንበታል፤ ለመንገዱ ያስቀረውን ኃይልም በከንቱ ይጨርሳል። ከገዳማቱ በስተ ደቡብ በጀበል ዘይት፣ መንጋው ሲቀርብ በራዳር ታይቶ የነፋስ መዘውሮቹ እንዲቆሙ ይደረጋል። ብረት እንኳ ለወፍ ይቆማል።

ቅዳሴ ሳያልፈው ለመድረስ ጎሕ ሲቀድ የተነሣ ባለ መኪና፣ ሽመላዎቹን በአጠገቡ አርፈው ቢያገኛቸው ምን ያድርግ? ሞተሩን ቢያስነሣ መንጋው ይበረግጋል፤ ቢቆይ ቅዳሴው ያልፈዋል። ማመዛዘኑ ያስጨንቃል፤ ቅዳሴ ትንሽ ነገር አይደለምና። ሆኖም የሚሄደው ወደ አባ ጳውሊ ነው። የካቲት 2 ቀን በሚታሰበው በዚህ አባት ታሪክ፣ ቁራ 60 ዓመት ግማሽ ኅብስት ያመጣለት ነበር፤ እንጦንስ በጎበኘው ቀን ግን ሙሉ ኅብስት አመጣ። ወፍ ያገለገለውን ጻድቅ ለመሳለም ወፍን እያባረሩ መሄድ እንዴት ይስማማል? ይልቁን ይቆይ፤ ዳዊቱንም ይድገም። ፀሐይ ወጥታ አሸዋው ሲሞቅ፣ መንጋው በገዛ ጊዜው ተነሥቶ እየዞረ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ልጆቹም አንገታቸውን አቅንተው ሲያዩ፣ ያን ጊዜ ሞተሩን ያስነሣ።