ተናጋሪው መጫወቻና የወላጅ አንደበት



በእጅ ተጽፋ ከእጅ ወደ እጅ በምትዞረው በዚህች ገጻችን ስለ ሀገር፣ ስለ ስደትና ስለ ትዝታ ብዙ ተጽፏል። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል፤ ጉዳዩ የሕፃን መጫወቻ ነውና። በውስጡ ያለው ጥያቄ ግን ከባድ ነው። ይኸውም፦ ለጨቅላ ልጅ ቃልን የማስተማር ሥራ ወላጅ ለመሣሪያ አሳልፎ ሊሰጥ ይገባዋልን? ቢሰጥስ የሚሰጠው ሥራውን ብቻ ነው ወይስ አብሮት የሚሄድ ሌላ ነገር አለ?

ጥያቄው ያለ ምክንያት አልተነሣም። በውጭ ሀገር የሰፈሩ ዘመዶቻችን ከልብስና ከጫማ ጋር ቁልፉ ሲነካ ፊደል የሚጠራ፣ የሚዘፍን፣ መብራት ብልጭ ድርግም የሚያደርግ መጫወቻ ይልካሉ። በገበያችንም ርካሹ ዓይነት፣ የስልክ መልክ ያለው ተናጋሪ መጫወቻ፣ ይሸጣል። በውኃ ሰልፍ ላይ እናቶች ሲነጋገሩ እንሰማለን። አንዷ «ልጄ ሁለት ዓመት ሳይሞላት የእንግሊዝኛውን ፊደል ጨረሰችው» ብላ ትደሰታለች። ሌላዋ «ያንኑ ዘፈን መቶ ጊዜ ያስጮኸዋል እንጂ ምን ተማረ?» ትላለች። ሦስተኛዋ ደግሞ «ተማረም አልተማረም፣ እኔ ውኃ ቀድቼ እስክመለስ ድረስ ዝም ብሎ ይቀመጥልኛል» ትላለች። ሦስቱም የሚናገሩት ያዩትን ነው። እኛም የሦስቱንም ቃል ሳንንቅ ነገሩን እንመርምር።

በመጀመሪያ የመሣሪያውን ታሪክ ባጭሩ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1978 ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ስፒክ ኤንድ ስፔል» የተባለ መጫወቻ አወጣ። መሣሪያው ቃሉን በድምፅ ይጠራል፤ ልጁም ፊደሎቹን እየተጫነ ቃሉን ይጽፋል፤ ቢሳሳት መሣሪያው መልሶ ይጠይቀዋል። የተሠራው ግን መናገርን ጠግበው ማንበብና መጻፍ ለጀመሩ የትምህርት ቤት ልጆች ነበር። በ1999 ሊፕፍሮግ የተባለው ኩባንያ በብዕር ሲነካ የሚናገር መጽሐፍ ለገበያ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ የደንበኛው ዕድሜ እየወረደ ሄዶ፣ ዛሬ መቀመጥ እንኳ ላልቻለ ሕፃን «ያስተምራል» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ዕቃ ይሸጣል። እንግዲህ ልብ እንበል፤ የሚናገረውን ልጅ የሚረዳ መሣሪያ ገና አፉን ያልፈታውንም ይረዳል ማለት አይደለም። ሁለቱ የተለያየ ነገር ነው።

ይህን ጉዳይ በሙከራ ያዩ ሰዎች አሉ። በአሜሪካ በሰሜን አሪዞና ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር አና ሶሳ የተባለች ባለሙያ፣ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 16 ወር የሆኑ ሕፃናትን ከነወላጆቻቸው፣ በጠቅላላው 26 ጥንድ፣ በየቤታቸው ሲጫወቱ ድምፃቸውን ቀዳች። አንድ ጊዜ ባትሪ ያላቸው ተናጋሪ መጫወቻዎች፣ አንድ ጊዜ ባትሪ የሌላቸው እንደ እንጨት መገጣጠሚያ ያሉ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የሕፃናት መጻሕፍት ተሰጧቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 በሕፃናት ሕክምና መጽሔት ታተመ። ወላጆቹ በመጽሐፍ ሲጫወቱ በደቂቃ ወደ 67 ቃል፣ ባትሪ በሌላቸው መጫወቻዎች ወደ 56 ቃል ሲናገሩ፣ በተናጋሪው መጫወቻ ጊዜ የተናገሩት ወደ 40 ቃል ብቻ ነበር። ሕፃናቱም በተናጋሪው መጫወቻ ጊዜ ድምፅ ማውጣታቸው ቀነሰ። 26 ጥንድ ትንሽ ቁጥር ነው፤ የዓለምን ወላጅ ሁሉ ይወክላል አንልም። ነገር ግን የሚያሳየን አንድ ነገር አለ። መሣሪያው ልጁን ዝም አላሰኘውም፤ በቅድሚያ ዝም ያሰኘው ወላጁን ነው። እቃው ሲናገር ትልቁ ሰው «ሥራው በሌላ ተይዟል» ብሎ አፉን ይዘጋል። ልጁም የሚመልስለት ሲያጣ ይተወዋል።

ምክንያቱን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም። ሕፃን «ባ» ሲል እናቱ «ባባ ነው የምትፈልገው?» ትለዋለች፤ ወደ በሩ ሲያይ «ዝናቡ መጣ፣ ሰማኸው?» ትላለች። ቃሉ የሚከተለው የልጁን ዓይን ነው። መሣሪያው ግን ልጁ የሚያየውን አያይም። ልጁ ቢስቅም ቢያለቅስም ያው «ላም» ነው፣ ያው «ኤ፣ ቢ፣ ሲ» ነው። ንግግር ቅብብል ነው፤ አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው ይቀበላል። ግድግዳም ኳስ ይመልሳል፤ ነገር ግን ማንም ሰው ግድግዳን የጨዋታ ጓደኛዬ አይልም።

አሁን ወደ ራሳችን ቋንቋ እንምጣ። አማርኛ «መታ» እና «መጣ» ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው ይላል። ተ እና ጠን፣ ከ እና ቀን፣ ቸ እና ጨን መለየት ያልቻለ ልጅ የመጣውን ከመታው አይለይም። እንግሊዝኛ ይህ ልዩነት የለውም፤ እንግሊዝኛ የሚናገረውም መጫወቻ ጠን አያውቃትም። በሌላ በኩል ሕፃናት የየቋንቋቸውን ድምፅ መለየት የሚያጠነክሩት፣ የማይሰሙትንም መተው የሚጀምሩት፣ ገና አንድ ዓመት ሳይሞላቸው መሆኑን የቋንቋ ጠበብት ደርሰውበታል። በሲያትል ከተማ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ጥናት ደግሞ ይበልጥ ያስደንቃል። የ9 ወር አሜሪካውያን ሕፃናት ቻይንኛ ተናጋሪ ሰው ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ 12 ጊዜ ሲያጫውታቸው የቻይንኛውን ድምፅ ለይተው ተማሩ። ያንኑ ንግግር በቴሌቪዥን ወይም በቴፕ ብቻ የሰሙት ግን አልተማሩም። ድምፁ አንድ ነው፤ የጎደለው ሰው ነው። እንግዲህ ለልጆቻችን ጠን የሚያወርሳት ማነው? ሀገር ርቋል፤ አያት ርቃለች፤ የቀረው የእኛ አፍ ነው። ለዚህ ነው ጉዳዩ በስደት ላይ ላለ ወላጅ ከሌላው ይልቅ የሚከብደው።

እዚህ ላይ ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን፤ ተቃውሞውም ፍሬ አለው። «ልጆቻችን እዚህ በኬንያ ካምፕ የሚማሩት በኬንያ ሥርዓተ ትምህርት፣ በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ነው። አማርኛ የት ያደርሳቸዋል?» የሚል አለ። እኛ እንግሊዝኛን የሚጠላ ቃል አንናገርም፤ ለልጅ ሁለትና ሦስት ቋንቋ ሀብት ነው። ነገር ግን ልጅ «ለምን?» ብሎ መጠየቅን፣ ታሪክን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መናገርን፣ ነገርን ከነገር ማገናኘትን የሚለምደው ከሚያናግረው ሰው ጋር ነው። ይህን በአማርኛ የለመደ ልጅ በእንግሊዝኛም ይዞት ይገባል። ፊደል መጥራት ብቻ የለመደው ግን የሚይዘው ፊደሉን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሦስተኛዋ እናት ነው፤ ከሁሉም የሚከብደውም እርሱ ነው። ብቻዋን ሦስት ልጅ የምታሳድግ፣ ለራሽን የምትሰለፍ፣ እንጨት የምትለቅም እናት ልጇን ለጥቂት ጊዜ ለመጫወቻ ብትሰጥ በደለኛ ናትን? አይደለችም። ድካሟን ያልተሸከመ ሰው ሊፈርድባት አይገባም። ድሮም ቢሆን እናት ብቻዋን ልጅ አላሳደገችም፤ አያት፣ አክስት፣ ታላቅ እኅት፣ ጎረቤት ነበሩ። በስደት የተበተነው ያ ኅብረት ነው፤ መሣሪያው የገባው በእርሱ ባዶ ቦታ ነው። ስለዚህ ወቀሳው የሚያርፈው በእናቲቱ ላይ ሳይሆን ባዶውን ቦታ አይቶ ባለፈው በእያንዳንዳችን ላይ ነው። የጎረቤቱን ልጅ ለግማሽ ሰዓት አስቀምጦ የሚያጫውት ሽማግሌ ባትሪ አይፈልግም።

መሣሪያው ጠላት ነው የሚል ድምዳሜም የለንም። መናገር ያልቻሉ ልጆች በሥዕል ቁልፍ ሐሳባቸውን የሚገልጡበት መሣሪያ አለ፤ እርሱ በረከት ነው። ከሀገራችንም ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ የአሜሪካ ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት በሌለባቸው ሁለት መንደሮች ለሕፃናት በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶች ያለ አስተማሪ ሰጠ። የፕሮግራሙ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነበር። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደ ተናገረው፣ ልጆቹ በአምስት ወር ውስጥ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ እስከ መክፈት ደረሱ። ይህ የገበሬ ልጅ አእምሮ ከማንም እንደማያንስ ያሳያል። ነገር ግን አንድ ልጅ ያገኘውን ለሌላው እያሳየ ተማማሩ እንጂ እያንዳንዱ ለየብቻው ከመሣሪያው ጋር ተዘግቶ አልተቀመጠም። መሣሪያው የሠራው ሰው ከሰው ጋር በተገናኘበት ቦታ ነው።

ስለ ጆሮም አንድ ነገር እንበል። አንዳንዱ አዲስ መጫወቻ መናገር ብቻ ሳይሆን ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ2017 የጀርመን መንግሥት «ካይላ» የተባለችው አሻንጉሊት የተደበቀ ማይክሮፎን አላት ብሎ እንዳትሸጥ ከለከለ። በ2015 ደግሞ ቪቴክ ከተባለው የመጫወቻ ኩባንያ የሚሊዮኖች ወላጆችና ልጆች መረጃ ተሰረቀ፤ ኩባንያው በ2018 ለአሜሪካ መንግሥት 650,000 ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በቤቱ የሚነገረው ቃል ወደ ውጭ መውጣቱ ምን እንደሚያስከትል ከእኛ ይልቅ የሚያውቅ ማን አለ? ስለዚህ ከስልክ ወይም ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኝ መጫወቻ ሲላክልን ዝም ብለን ወደ መኝታችን አናስገባው።

ከሁሉ በላይ ግን ለሕይወት የሚያሰጋው ባትሪው ነው። በርካሽ መጫወቻ ውስጥ የሚገኘው ሳንቲም የሚመስል ክብ ባትሪ ሕፃን ቢውጠውና ጉሮሮው ላይ ቢቀር በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋውን ሊያቃጥል ይችላል። በዚህ ምክንያት አሜሪካ በ2022 ልዩ ሕግ አወጣች። የባትሪው ክዳን በብሎን ያልታሰረ መጫወቻ ለልጅ አይሰጥ። ልጅ ባትሪ ዋጠ ተብሎ ከተጠረጠረም እስኪነጋ ሳይጠበቅ በዚያችው ሰዓት ወደ ክሊኒክ ይወሰድ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ዓሣ መብላት በብልሃት ነው እንደሚባለው ነው። የተላከውን መጫወቻ አንጣለው፤ ዘመዳችን ከጉልበቱ ቆርሶ የላከው ነውና። ነገር ግን ከልጁ አጠገብ ቁጭ እንበል። መሣሪያው «ካው» ሲል እኛ «ላም! ላም ምን ትሰጠናለች?» እንበል። ባትሪው ሲያልቅም አንዘን፤ ዝም ያለው መጫወቻ ልጁ ራሱ ድምፅ የሚሰጠው ዕቃ ይሆናል። ከካርቶን ፊደል እንቁረጥ፤ በቆርኪ ቁጥር እናስቆጥር፤ በጭቃ በሬና ጎጆ እንሥራ። ማታ ማታ «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» የሚል ልጅ መልስ መስጠትንና ተራ መጠበቅን በአንድ ጊዜ ይማራል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2018 ለወላጆች ባወጣው ምክር የመጫወቻ ዋናው ጥቅም ልጅንና አሳዳጊን ማገናኘቱ እንደሆነ ገልጿል። አያቶቻችን ይህን በጎጆ ውስጥ ያለ ጽሑፍ ያውቁት ነበር።

ለልጆቻችን የምናወርሰው መሬት የለንም፤ ቤትም የለንም። ቃል ግን አለን፤ ድንበር ስንሻገር ማንም ፈትሾ ያልወሰደብን እርሱን ብቻ ነው። ይህን ርስት ለልጁ የሚያስረክብ ወላጅ ስለሆነ በገዛ አፉ ያስረክበው። ይህችን ገጽ ያነበበ ሁሉ የሚያውቀውን አንድ ተረት ወይም አንድ እንቆቅልሽ በትርፍ ወረቀት ጽፎ ቢሰጠን፣ ለሕፃናቱ የሚነበብ ደብተር እንጀምራለን።