ሰው ሲያርፍ እሳትስ ያርፋል?

ኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 35 ቁጥር 3 በሰንበት ቀን በማደሪያ ቤቶች ሁሉ እሳት ማንደድን ሲከለክል፣ ክልከላው የሚይዘው የሰውን እጅ ይሁን ወይስ እሳቱን ራሱን ለይቶ አይናገርም። እጅን ብቻ የሚመለከት ከሆነ፣ አርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ የተለኮሰ እሳት ሌሊቱን ሙሉ ቢነድ የፈረሰ ሕግ የለም፤ እሳቱን የሚመለከት ከሆነ ግን፣ ቤቱ አንድ ፍም ሳይቀርበት ሰንበትን መቀበል አለበት። ይህ ልዩነት አይሁድን ለብዙ ዘመናት ሲያከራክር የኖረ ሲሆን፣ ጥያቄው ዛሬ ምድጃንና ኩራዝን አልፎ በቀዝቃዛ አገሮች በየቤቱ የተተከለውን፣ ባለቤቱ ተኝቶ ሳለ ራሱን እያበራና እያጠፋ የሚሠራውን የቤት ማሞቂያ ደርሶበታል።

በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው የእስክንድርያው ፈላስፋ ፊሎ፣ እሳት በስሙ ተለይቶ የተከለከለው የኑሮ ሥራ ሁሉ መነሻና ዘር ስለሆነ ነው ብሎ አስቧል። የአይሁድ የሕግ መምህራን የሆኑት ራቢዎች ግን ምክንያቱን ከመፈለግ ይልቅ ድርጊቱን መወሰን መረጡ። ሚሽና፣ ማለትም በ200 እ.ኤ.አ. አካባቢ ተሰብስቦ የተደራጀው የራቢዎች የቃል ሕግ፣ በሰንበት የተከለከሉ 39 ዋና ዋና ሥራዎችን ሲዘረዝር ማንደድንም ማጥፋትንም ከቁጥር አስገብቷል፤ ስለዚህ በዚህ ሥርዓት የሚኖር ሰው ሰንበት ከገባ በኋላ እሳት መለኮስ ብቻ ሳይሆን የሚነደውን ማጥፋትም አይፈቀድለትም፤ አርብ ማታ የተወው እሳት እንደተወው ይቆያል። ከዚህ በፊት ግን በሁለት የትምህርት ወገኖች መካከል መቋጨት የነበረበት ክርክር ነበር። ቤተ ሻማይ የሚባሉት መምህራን ቀለም ወይም ማቅለሚያ አርብ ሲነከር ቀን ሳለ ተነክሮ የሚያልቅ ካልሆነ በስተቀር መንከሩን ከለከሉ፤ ታልሙድ፣ ማለትም ሚሽናን የሚያብራራው የራቢዎች ስብስብ፣ አሳባቸውን ሲገልጽ፣ ሰው ብቻ ሳይሆን ዕቃውም ማረፍ አለበት ከሚል እምነት ጋር ያያይዘዋል። ቤተ ሂሌል ግን ሰው ፀሐይ ሳትጠልቅ የጀመረው ነገር በራሱ ጊዜ ቢፈጸም ኃጢአት የለበትም አሉ፤ ሕጉም በእነርሱ ቃል ጸና።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው፣ የቤተ ሂሌል መንገድ ያለ ገደብ አለመከፈቱ ነው። ያው የሚሽና ክፍል ስለ ማሞቂያ እሳት ሲናገር፣ በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ካህናቱ በሚሞቁበት የምድጃ ክፍል እሳቱ አመሻሽ ላይ ቢያያዝም እንደሚበቃ፣ ከቤተ መቅደሱ ውጭ ባለ ቤት ግን እሳቱ አብዛኛውን እንጨት ይዞ እስኪነድ ድረስ ቀን ሊቀረው እንደሚገባ ይደነግጋል። ስለ ምግብ ምድጃም እንዲሁ፣ በእንጨት የጋለ ምድጃ ላይ ድስት የሚቀመጠው ፍሙ ከተጠረገ ወይም በአመድ ከተዳፈነ በኋላ ነው ይላል። ምክንያቱ አንድ ነው፤ በደንብ ያልተያያዘ ወይም ያልተዳፈነ እሳት ሰውን ይጠራዋል፣ ሰውም ሳያስበው ይቆሰቁሰዋል። ካህናቱ በቡድን ስለሚያድሩና እርስ በርስ ስለሚተራረሙ እንደዚያ አይፈራላቸውም። እንግዲህ ራቢዎቹ የፈቀዱት ማንኛውንም የሚነድ እሳት ሳይሆን ሰውን የማይፈልግ እሳትን ነው ማለት ነው፤ ይህም ከሥነ ምግባር ደንብነቱ ይልቅ ለአንድ መሣሪያ ጤንነት የወጣ መለኪያ ይመስላል።

ሁለተኛው ንባብ፣ እሳቱን ራሱን ከቤት የሚያወጣው፣ ደጋፊዎች አላጣም። ከስምንተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የራቢዎችን የቃል ሕግ ሳይቀበሉ በጽሑፍ ኦሪት ብቻ የጸኑት ቀራያውያን ሰንበትን በጨለማ ቤት ያሳልፉ ነበር፤ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግን የባሽያጺ ቤተ ሰብ መምህራን የሰንበት መብራትን በመፍቀዳቸው በመካከላቸው ታላቅ ክርክር ተነሣ። በኢትዮጵያ ደጋዎች ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤልም በአርብ ምሽት እሳት አጥፍተው፣ ቀድሞ የተዘጋጀውን ምግብ ቀዝቅዞ እየበሉ ሰንበትን ያከብሩ ነበር። መሠረታቸው ኦሪት ብቻ አልነበረም፤ መጽሐፈ ኩፋሌ በመጨረሻው፣ በ50ኛው ምዕራፍ፣ በሰንበት እሳት የሚያነደውን በሞት ከሚቀጡት ይቆጥረዋል፣ ትእዛዘ ሰንበት የተባለው የግእዝ መጽሐፋቸውም ቀኒቱን እጅግ ከፍ አድርጎ ያከብራታል። በ1904 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ የመጣው አይሁዳዊው ምሁር ዣክ ፋይትሎቪችና ከእርሱ በኋላ የተከተሉት መምህራን ማኅበረሰቡን ወደ ራቢዎቹ ሥርዓት ለማቅረብ ሲደክሙ፣ ይህ ልማድ ብዙ ጊዜ እንደ ትምህርት ጉድለት ታይቷል። አስተያየቱ ፍትሐዊ አይደለም። እሳትን ፈጽሞ ማጥፋት ያለ ጠባቂ የሚነድ ነገር በቤት እንዳይኖር ያደርጋል፤ ራቢዎቹ በአመድና በጊዜ ገደብ ሊያስወግዱት የደከሙበትን ሥጋት የጎንደርና የስሜን ቄሶች ከሥሩ ቆርጠውታል።

ይሁንና ብርድም ይገድላል። ውርጭ በሚጥልበት የስሜን ደጋ እሳት የጠፋበት ሌሊት ለሕፃንና ለታማሚ ቀላል አይደለም፤ ጋቢ የሚችለው ድርሻ አለው፣ ከዚያ አያልፍም። ዮሴፍ ካሮ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ክረምቱ በሚከብድባት በተራራማዋ ጽፋት ሲኖር ባዘጋጀው ሹልሃን አሩኽ በተባለው የሕግ መጽሐፍ፣ በቀዝቃዛ አገር አይሁዳዊ ያልሆነ ሰው በሰንበት ለልጆች እሳት ቢያነድ እንደሚፈቀድ፣ ብርዱ ሲበረታም ለአዋቂዎች ጭምር እንደሚፈቀድ ጽፏል፤ በብርድ ፊት ሰው ሁሉ እንደ ታማሚ ይቆጠራልና። ይህ አባባል ሙቀትን ከምቾት ተራ አውጥቶ ወደ ሕይወት ጥበቃ ያስጠጋዋል።

የዛሬው ማሞቂያ ክርክሩን ያወሳሰበው የሚለኩሰው እጅ ስለጠፋ ነው። በአውሮፓ ብዙ ቤቶች የተለመደው ዓይነት ቦይለር፣ ማለትም ጋዝ ወይም ነዳጅ አቃጥሎ ውኃ የሚያሞቅ ማሽን ሲሆን፣ የሞቀው ውኃ በየክፍሉ ግድግዳ ሥር ባሉ ራዲያተር በሚባሉ ብረቶች ውስጥ ይዞራል፤ በአሜሪካ ብዙ ቤቶች ደግሞ በውኃ ፋንታ የሞቀ አየር በማጣሪያ አልፎ በቱቦ ይነፋል። ሁሉንም የሚያዝዘው ቴርሞስታት ነው፤ ይህ መሣሪያ የክፍሉ ሙቀት ከተወሰነው ልክ ሲወርድ እሳቱን ያስነሣል፣ ሲደርስ ያጠፋዋል። በሰንበት ሌሊት ይህ ሁሉ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል፤ በየጊዜው አዲስ ነበልባል ይለኮሳል፣ ነገር ግን ማንም አልለኮሰም። የቤተ ሂሌል ወራሾች አርብ የተወሰነውን ልክ እንደ ድርጊቱ ፍጻሜ ቆጥረው ይፈቅዱታል፤ ቤተ ሻማይ ቢኖሩ ምን ይሉ እንደነበር መገመት አይከብድም። በኒው ዮርክ ያስተማረው ራቢ ሞሼ ፋይንስታይን (1895–1986 እ.ኤ.አ.) በመብራት ከተለመደው ውጭ ሥራን ሁሉ በሰዓት መቆጣጠሪያ ማሠራትን ተቃውሟል፤ በዚህ መንገድ የማይሠራ ሥራ ስለማይኖር የሰንበት ክብር ይዋረዳል የሚል ነበር ሥጋቱ። እዚህ ላይ የቤተ ሻማይ አሳብ በሌላ ልብስ ተመልሶ ይታያል።

ነገር ግን ክርክሩ በሙሉ በመለኮስ ላይ በመቆሙ ከባዱን ጉዳይ አልፎታል። ራሱን የሚያሠራ ማሽን ሰውን ከሥራ ነፃ አያወጣም፤ ሥራውን ወደ ኋላ፣ ወደ ዋዜማውና ወደ መኸሩ ወራት ያዛውረዋል እንጂ። ማጣሪያው በአቧራ ሲደፈን ማሽኑ ትንሽ ሙቀት ለመስጠት ብዙ ይነዳል፤ ጭስ መውጫው በወፍ ጎጆ ወይም በጥቀርሻ ሲጠብብ፣ ወይም ብርድ እንዳይገባ ተብሎ የአየር መግቢያው ሲደፈን ነዳጁ በሙሉ አይቃጠልም፤ ሰማያዊ መሆን የነበረበት የጋዝ ነበልባል ቢጫ መሆኑም ብዙ ጊዜ የዚህ ምልክት ነው። ካልተሟላ ቃጠሎ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ሲሆን፣ ኦክስጅንን በደም ውስጥ ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር ከራሱ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በሚበልጥ ኃይል ስለሚጣበቅ፣ የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። በኢትዮጵያ ከሰል በዝግ ቤት ሰው አፈነ ሲባል የሚሰማው ይኸው ነው፤ ሚሽና የሚያዝዘው የተዳፈነ ፍም እንኳ መስኮት በሌለው ክፍል ቢያድር ከዚህ አደጋ አያመልጥም።

እሳቱ አብዛኛውን እንጨት ይያዝ የሚለው የጥንት መለኪያ ዛሬ ተርጓሚ ቢያገኝ፣ ትርጉሙ ክረምት ሳይገባ በዓመት አንድ ጊዜ ቦይለሩን በባለሙያ ማስመርመር፣ ጭስ መውጫውን ማስጠረግ፣ ራዲያተሩ ውስጥ የታሰረውን አየር ማስተንፈስና የጋዝና የጭስ ማስጠንቀቂያ ደወሎችን በየፎቁ ማኖር በሆነ ነበር። እነዚህ እንደ ቤት ጉዳይ ብቻ ሲታዩ ስለ ሰንበት በሚጻፉ መጻሕፍት ቦታ አያገኙም፤ ነገር ግን ፈቃዱ የቆመው እሳቱ ሰውን እንደማይፈልግ በመታመኑ ላይ ከሆነ፣ ያልተመረመረ ማሞቂያ ፈቃዱን ራሱን ያፈርሰዋል ማለት ይገባል። በመጋቢት 2015 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ብሩክሊን፣ ሰንበትን ለምግብ ማሞቂያ ተብሎ በርቶ ከቆየ የኤሌክትሪክ ምድጃ በተነሣ እሳት የአንድ ቤተ ሰብ ሰባት ልጆች ሞተዋል፤ የእሳት አደጋ ባለሥልጣናት የጭስ ደወል ያገኙት በምድር ቤቱ ብቻ ነበር። ያ ምድጃ በመለኮስ ሕግ ምንም ነቀፋ አልነበረበትም።

ቁጠባም ቢሆን ከሃይማኖት ውጭ የቀረ ጉዳይ አይደለም። ኦሪት ዘዳግም በ20ኛው ምዕራፍ ከተማ ሲከበብ የፍሬ ዛፍ እንዳይቆረጥ ካዘዘው፣ ራቢዎቹ ማንኛውንም ነገር በከንቱ የማባከን ክልከላን አውጥተዋል፤ ታልሙድም በሰንበት ክፍሉ፣ የዘይት ኩራዝን የሚከድን ወይም የናፍጣ ኩራዝን የሚከፍት ሰው ይህን ክልከላ ጥሷል የሚል አሳብ አስፍሯል፤ ሁለቱም ድርጊቶች ነዳጁን ያለ ጥቅም ያፋጥኑታልና። ስለ ቃጠሎ ብቃት ከዚህ ይበልጥ ግልጽ የሆነ ጥንታዊ ድንጋጌ ማግኘት ያስቸግራል። ባዶ ክፍሎችን ሰንበቱን ሙሉ የሚያሞቅ፣ ማጣሪያው ለዓመታት ያልተለወጠ ማሽን ከዚያ ክፍት ኩራዝ የሚለይበት ምክንያት አይታይም።

ቁጠባና ደኅንነት የሚጋጩበት ጊዜ ግን አለ፤ በዚህም ላይ ሕጉ ዝም አላለም። ሚሽና ስለ ዮማ፣ ማለትም ስለ ስርየት ቀን በሚናገረው ክፍል፣ የሕይወት አደጋ ጥርጣሬ እንኳ ሰንበትን እንደሚሽር ይናገራል፤ ታልሙድም ለማዳን የሚፈጥነውን ያመሰግናል። ስለዚህ የጋዝ ደወል በሰንበት ሌሊት ሲጮኽ ማሽኑን የሚዘጋና መስኮት የሚከፍት ሰው መምህሩን እስኪጠይቅ መዘግየት አይገባውም። ሚሽና በሰንበት ክፍሉ ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ያጠብበዋል፤ ወንበዴ ፈርቶ ወይም ታማሚ እንዲተኛ ብሎ ኩራዝ ያጠፋ ሰው ከቅጣት ነፃ ነው፣ ለዘይቱ ወይም ለፈትሉ ሳስቶ ያጠፋ ግን ተጠያቂ ነው። የእጁ እንቅስቃሴ በሁለቱም አንድ ነው፤ በአንድ ቤት የሚነደውን ቦይለር የቃጠሎ ሽታ አሸትቶ የዘጋው ሰውና የወሩን የጋዝ ሒሳብ አስቦ የዘጋው ጎረቤቱ አንድ ዓይነት ቁልፍ ይጫናሉ፣ በዳኛ ፊት ግን የሚቆሙት በተለያየ ቦታ ነው።