ስለ ፍላጻ ምርጫ

አንድ ሰው በቀስት ሊያድን ወጥቶ አጋዘን አየ፤ አነጣጠረና ለቀቀ። ፍላጻው ልቧንና ሳንባዋን ስቶ ሆዷን ወጋት፤ አጋዘኗም እንደ ቆሰለች ጫካ ገባች። ሰውየው «ምን ላድርግ፣ እጄ ሳተ» ይላል። እውነት ነው፤ እጅ ይስታል። እኔ ግን፣ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ሌላ ነገር ልጠይቅህ። ይህ ሰው የበደለው አውታሩን በለቀቀ ጊዜ ነውን? ወይስ በዋዜማው ማታ እቤቱ ተቀምጦ ፍላጻዎቹን ሲመርጥ ነው? እኔ በዋዜማው ነው እላለሁ።

ረዥሙ የእንግሊዝ ቀስት ከእንጨት የተጠረበ፣ ቁመቱም ከሰው ቁመት የሚተካከል መሣሪያ ነው። ፍላጻው የሚያልፈው በመያዣው ጎን እንጂ በመካከሉ ስላይደለ፣ አውታሩ ሲገፋው እንደሚዋኝ ዓሣ ጥቂት እየተጣጠፈ ቀስቱን ዞሮ ማለፍ አለበት። ዘንጉ ለቀስቱ ጉልበት ከሚገባው በላይ ግትር ቢሆን፣ በቀኝ እጁ የሚስብ ሰው ወደ ግራ ይስታል፤ ከመጠን በላይ ልል ቢሆን ደግሞ ወደ ቀኝ። እንግዲህ ዓይኑ የጠራ፣ ክንዱም የጸና ሰው እንኳ ለቀስቱ የማይስማማ ፍላጻ ይዞ ከወጣ ጥራቱና ጽናቱ አይረዱትም። ይህንንም ሣር በሞላ ጆንያ ላይ ደጋግሞ በመሞከር አስቀድሞ ሊያውቀው ይችል ነበር። ያላወቀው ስላልሞከረ ነው።

የክብደቱ ነገር ግን ከዚህም ይበልጣል። ቀላል ፍላጻ ፈጥኖ ይሄዳል፤ ሩቅ ይደርሳል፤ ባልንጀሮችም አይተው ያደንቃሉ። ከባዱ ቶሎ ወደ ምድር ስለሚያዘነብል በሜዳ ላይ የሚያኮራ አይደለም። ሥጋና አጥንት በነካ ጊዜ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ከባዱ ጉልበቱን ጠብቆ ጠልቆ ሲገባ ቀላሉ ቶሎ ይቆማል። ፍላጻ እንደ ጥይት አይደለም፤ የሚገድለው በስለቱ ቆርጦ ደም በማፍሰስ ነው። ስለዚህ ጠልቆ ያልገባ ወይም ስለቱ የዶለዶመ ፍላጻ እንስሳዪቱን ያሠቃያታል እንጂ ፈጥኖ አይገድላትም።

ሮጀር አስካም የተባለው የካምብሪጅ መምህር በ1545 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) «ቶክሶፊለስ» የተባለውን የቀስት መጽሐፍ አሳትሞ ለንጉሥ ሄንሪ 8ኛ አቀረበ። ስለ ላባው የዝይን ላባ ያመሰግናል። ስለ ዘንጉ ግን ይወቅሳል፤ የጦር ፍላጻ አሽ ከሚባለው ከባድ እንጨት መሠራት ሲገባው በዘመኑ ከፖፕላር ወገን ከሆነ ቀላል እንጨት ይሠራ ነበርና። በዚያው ዓመት የንጉሡ የጦር መርከብ «ሜሪ ሮዝ» ሰጠመች። ቅሪቷ በ1982 ከባሕር ወጣ፤ በፍለጋው ከተገኙት ከ3,500 የሚበልጡ ፍላጻዎችም አብዛኞቹ የፖፕላር እንጨት ናቸው። እኔም ዕድሜዬን በማስተማር የፈጀሁ ነኝና ይህን ሳነብ ፈገግ አልሁ። የመምህርን ምክር ማን ይሰማል!

ከባዱን ፍላጻ የሚመርጥ አዳኝ የሚያጣው ነገር አለ፤ ይህንን መሸሸግ አይገባም። ከሩቅ የቆመችውን አጋዘን ይተዋታል። ነፋሱን ፊት ለፊት አድርጎ፣ እየተንፏቀቀ፣ እስከ ሃያ እርምጃ መቅረብ አለበት፤ ብዙ ጊዜም ባዶ እጁን ይመለሳል። ምርጫው በዋዜማው ነው ያልሁትም ስለዚሁ ነው። አጋዘኗ ፊቱ ስትቆም ልቡ ይመታል፤ ጓደኛው ያየዋል፤ የልጆቹ እራት ትዝ ይለዋል፤ በዚያች ደቂቃ በሰው ላይ ፍርድ መስጠት ያስቸግራል። በዋዜማው ግን ማንም አላጣደፈው፤ ሁለቱም ፍላጻዎች በፊቱ ነበሩ። ቀላሉን ሲያነሣ ከሩቅ ለመወርወር አስቀድሞ ወስኗል።

«እንግዲያውስ በቀስት ማደንን ከነአካቴው መተው ነው» የሚል ይኖራል። በእንግሊዝና በዌልስ በ1963 የወጣው ሕግ አጋዘንን በፍላጻ መግደል ከልክሏል፤ የረዥሙ ቀስት አገር ራሷ! በአሜሪካ ግን በወቅቱ ይፈቀዳል። እኔ ከከልካዮቹ ብዙ አልርቅም፤ ሆኖም የተፈቀደለት ሰው ሕጉ ስለ ፈቀደለት ብቻ ከጥያቄው አያመልጥም።

ይህን የምጽፈው ቀስት ስስብ ስለ ኖርሁ አይደለም። ልጅ ሳለሁ ከብት ስጠብቅ ወንጭፍ ነበረኝ። ወንዝ ያላሰለው ድቡልቡል ድንጋይ ቀጥ ብሎ እንደሚሄድ፣ ጠፍጣፋው ግን በአየር ላይ እንደሚጣመም እረኛ ሁሉ ያውቃል። አንድ ቀን ሚዳቋ ከቁጥቋጦ ብቅ ስትል ከእግሬ ሥር ያገኘሁትን አንሥቼ ወነጨፍሁ። የኋላ እግሯን ሰበርሁት፤ በሦስት እግሯ እያነከሰች ገደሉን ወረደች። ከአጎቴ ጋር እስኪመሽ ፈለግናት፤ አላገኘናትም።

ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ሳለ አጎቴ «በምን መታሃት?» አለኝ።

«በድንጋይ» አልሁት።

«ከየት ያነሣኸው?»

ከእግሬ ሥር እንዳነሣሁት ነገርሁት። ጥቂት ዝም ብሎ ወንዙ ከዚያ ቦታ ስንት እርምጃ እንደሚርቅ ጠየቀኝ። መቶ አይሞላም ነበር።