ደረጃችን ምን ይሰብካል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች፣

ሰባኪ ሲባል ሁላችንም የምናስበው በአትሮንስ ፊት ቆሞ የሚያስተምረውን ነው። ነገር ግን አፍ ሳይኖራቸው ቀኑን ሙሉ የሚናገሩ ሌሎች ሰባክያን አሉ፤ እነርሱም ሰው በእጁ የሠራቸው ነገሮች ናቸው። በሩም፣ ደረጃውም፣ መንገዱም፣ ስልኩም ሠሪያቸው ማንን እንዳሰበና ማንን እንደረሳ ይመሰክራሉ። አንዱን “ግባ” ይሉታል፤ ሌላውን “አንተ ውጭ ቆይ” ይሉታል።

የአዲስ አበባን የቀለበት መንገድ ተመልከቱ። መኪናው በሜዳው ያልፋል፤ እግረኛው ግን ለመሻገር ብዙ ጊዜ ባለ ደረጃውን ድልድይ መውጣት አለበት። ሸክም የያዘች እናት የመንገዱን መከለያ ተሻግራ ስታልፍ ስናይ “ሥርዓት የላትም” ብለን እንፈርዳለን። ራስን ለአደጋ መስጠት እርግጥ መልካም አይደለም። ነገር ግን ምቾቱን ለመኪናው፣ ድካሙን ለእግረኛው ያከፋፈለውን አሠራርስ ማን ጠየቀው?

በጎ ምሳሌም አለ። ሴይቺ ሚያኬ የተባለ ጃፓናዊ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1965 ዓ.ም. ዓይነ ስውራን በእግርና በበትር የሚዳስሱት ንጣፍ ፈለሰፈ። በ1967 ዓ.ም. በኦካያማ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ መንገድ ላይ ተነጠፈ። ዛሬ በብዙ አገሮች ረጃጅሙ መስመር “ሂድ” ይላል፤ ነጠብጣቡ “ተጠንቀቅ” ይላል። ስልክም እንዲሁ ነው። ቁልፍ የነበረው ስልክ ለጣት ይታወቅ ነበር፤ ፊቱ ልሙጥ መስተዋት ብቻ በሆነ ጊዜ ግን ለዓይነ ስውር የተዘጋ በር ሆነ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. በመስተዋቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ አይፎን ሲወጣ በሩ ተከፈተ። መስተዋቱ ያው መስተዋት ነው፤ የተለወጠው የሠሪው አሳብ ነው።

ይህ አዲስ ትምህርት እንዳይመስለን። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቁጥር 8 ላይ አዲስ ቤት የሚሠራ ሁሉ ሰው እንዳይወድቅ በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዟል። እንግዲህ እግዚአብሔር ፍቅርን የሚፈልጋት ከወደቀው ሰው አልጋ አጠገብ ብቻ አይደለም፤ ገና ግንቡ ሲለካም ይፈልጋታል።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። አዳራሻችን ሲታደስ ወለሉ ከፍ አለ፤ በበሩም ሦስት የእብነ በረድ ደረጃዎች ተሠሩ። ገንዘቡን ከየቤቱ ዞረው ከለመኑት አንዱ እኔ ነኝ፤ በምረቃውም ዕለት ከልብ ደስ ብሎኝ ነበር። በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጣውን ወንድማችንን ግን ከመካከላችን ማንም አላሰበውም። ከዚያ በኋላ በየእሑዱ ለአራት ሆነን እንሸከመው ጀመር። እውነቱን ለመናገር፣ በጎ ሥራ ሠራን ብለን እንኮራ ነበር።

አንድ እሑድ እንደ ልማዳችን ልናነሣው ስንጎነበስ እንዲህ አለን፦ “እግዚአብሔር ይስጣችሁ። እናንተ ስትሸከሙኝ ደስ ይላችኋል። እኔ ግን ውኃ ለመጠጣት እንኳ መውጣት ስፈልግ አራት ሰው መጥራት አለብኝ።” ከዚያ ቀን ወዲህ ሦስት እሑድ ቀረ።

በቅፍርናሆም ሽባውን የተሸከሙትን አራት ሰዎች ታስታውሳላችሁ (ማርቆስ 2)። ራሳችንን ከእነርሱ ጋር እናመሳስል ነበር። ታሪኩን እንደገና ባነበብሁት ጊዜ ግን አፈርሁ። እነዚያ ሰዎች በሩ አላሳልፍ ባላቸው ጊዜ ጣሪያውን አፈረሱ እንጂ ሰውየውን ወደ ቤቱ አልመለሱትም። ለእነርሱ ከጣሪያው ይልቅ ሰውየው ይበልጥ ነበር። እኛ ግን እብነ በረዱን ጠብቀን ወንድማችንን አጣን።

ነገሩ የተአምር ያህል ከባድ አይደለም። እያንዳንዱ ደረጃ 15 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሦስቱ 45 ይሆናሉ። ለተሽከርካሪ ወንበር በሚመከረው ልክ ለአንድ ክንድ ከፍታ 12 ክንድ ርዝመት ይሰጣል። ስለዚህ የሚያስፈልገን 5 ሜትር ከ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ተዳፋት መንገድ ነው። ግቢያችን ይበቃዋል። በአገራችንም በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጎ ነበር። አዋጅ ያሰበውን ሰው፣ ፍቅርን የሚሰብክ ጉባኤ ሊረሳው ይገባልን?

አንዳንዶቻችን “የበሩን ውበት ያበላሻል” ብለናል። ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ወንድማችን ከውጭ ሆኖ የሚያየው ውበት ለማን ነው? ተዳፋቱ ቢሠራ አረጋውያን እናቶቻችን፣ ሕፃን ያዘሉ እኅቶቻችን፣ ከበሮና ወንበር የምንሸከም እኛም እናልፍበታለን።

በሚመጣው እሑድ ከጉባኤ በኋላ ሜትር ይዤ በበሩ አጠገብ እቆያለሁ። የቻለ አካፋ፣ የቻለ ሲሚንቶ፣ የቻለ ጉልበቱን ይዞ ይምጣ። አስቀድመን ግን ወደ ወንድማችን ቤት እንሂድና ይቅርታ እንጠይቀው፤ መንገዱ እንዴት ቢሆን እንደሚመቸውም ከእርሱ እንስማ። የሚሄድበት እርሱ ነውና።

ደረጃችን እስከ ዛሬ የሰበከው ይበቃል። ከእንግዲህ በራችን የምንዘምረውን ፍቅር ይስበክ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።

ከሰንበት ትምህርት ቤቱ አባላት አንዱ