የአያት ሕይወት እንዴት ይታሰባል?

በቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ወረቀቱን የያዘው ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ ይጀምራል። ሟቹ ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት በዚህ ዓመተ ምሕረት ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እዚህ ትምህርት ቤት ገቡ። ከዚህ እስከዚህ ዓመት በዚህ መሥሪያ ቤት ሠሩ። ጌታን በዚህ ዓመት ተቀበሉ፤ በአጥቢያቸውም በሽምግልና አገለገሉ። ወደ መጨረሻው አንዲት መስመር ትመጣለች፦ ባለትዳር፣ የ6 ልጆች አባትና የ14 የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። ከዚያ ወረቀቱ ይታጠፋል፤ ጸሎት ይደረጋል።

ሕይወቱን ለቤተሰቡ የሰጠ ሰው ሲሞት፣ የሰጠው ሁሉ በዚያች መስመር ውስጥ በቁጥር ይታለፋል። መሥሪያ ቤቱ አንድ አንቀጽ ሲያገኝ ቤቱ የሚያገኘው ቁጥር ብቻ ነው። ታዲያ እንዲህ ያለውን ሰው በእውነት ማሰብ ማለት ምን ማለት ነው? ለእርሱስ ምን ዕዳ አለብን? ወዳጆቼ፣ በዚህ ጽሑፍ አብረን እንድናስብበት የምፈልገው ይህን ነው።

ችግሩ በጸሐፊው ስንፍና ብቻ የመጣ አይመስለኝም። ሹመት ቀን አለው፤ ምረቃም፣ ጡረታም ቀን አላቸው። አንድ አባት ለ30 ዓመት ማታ ማታ ወደ ቤቱ መመለሱ ግን በየትኛው ቀን ተፈጸመ ይባላል? አንድ ሌሊት ሳይመለስ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ያ ሌሊት በቤተሰቡ ዘንድ እስከ ዛሬ ይወራ ነበር። በደል ታሪክ ይወጣዋል፤ ታማኝነት ግን ልማድ መስሎ ያልፋል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሕይወት በትልልቅ ክንውኖች አይተረክም። የሚታወቀው በተደጋገሙ ትንንሽ ነገሮች ነው፤ እነርሱን የሚያውቁት ደግሞ የተደረጉላቸው ሰዎች ብቻ ናቸው።

የእናቴን አባት ለምሳሌ ልጥቀስ። የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ ከመሥሪያ ቤታቸው ሌላ ብዙ የሚባል አልነበረም። እኛ የልጅ ልጆቻቸው ግን የምናውቀው ሌላ ነው። ማታ ሁላችንም ከተኛን በኋላ በር ሥር የተደረደሩትን ጫማዎቻችንን አንድ በአንድ እያነሱ ያዩ ነበር። ሶሉ የተላቀቀ ካገኙ በጋዜጣ ጠቅልለው ያስቀምጡና በማግስቱ ጠዋት ወደ ጫማ ሰፊው ይወስዱታል። ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ደግሞ ይጸልያሉ። ከትልቁ ልጃቸው ጀምረው እስከ መጨረሻዋ የልጅ ልጅ ድረስ እያንዳንዳችንን በስም ይጠሩ ስለነበር፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነን ተራችን እስኪደርስ እንጠብቅ ነበር። ስማችንን ከሰማን በኋላ እንደገና እንቅልፍ ይወስደናል። ይህ ስንት ጊዜ ሆነ ብትሉኝ ቁጥሩን አላውቀውም። በየትኛውም ወረቀት ላይ አልተጻፈም።

ምናልባት ከእናንተ አንዱ እንዲህ ይል ይሆናል፦ «የራስን ልጅ መውደድ ምን ያስመሰግናል? ወፍም ለጫጩቶቿ ትመግባለች። ጌታም የሚወዱንን ብቻ መውደድ ከቀራጮች እንደማያስበልጠን አስተምሯል። መታሰብ ያለበት ቤቱን ትቶ ለወንጌል የወጣው ነው።» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በችኮላም ሊታለፍ አይገባም። ለገዛ ልጆቹ ብቻ የሚኖር፣ የጎረቤት ልጅ ሲራብ በሩን የሚዘጋ ሰው በእርግጥ ከራስ ወዳድነት ብዙም አልራቀም፤ ራሱን ወደ ስድስትና ወደ አሥር አበዛው እንጂ። የአንድ ቤት ፍቅር የሚለካው ከበሩ ውጭ ላለው ሰው በሚያደርገውም ጭምር ነው።

ነገር ግን መውደድ የተፈጥሮ ነው ብንል እንኳ መጽናት የተፈጥሮ አይደለም። ልጅ ሲወለድ የማይደሰት አባት ጥቂት ነው። ልጁ ሲያምፅ፣ ደመወዝ ሲያንስ፣ ሰውነት ሲደክም በቦታው መገኘት ግን በየቀኑ የሚታደስ ምርጫ ነው። ቤተ ክርስቲያናችንም የዚህ ምርጫ ባለዕዳ ናት። ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም. በነበረው የደርግ ዘመን ብዙ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያኖች ተዘግተው ነበር። በሩ በታሸገበት አጥቢያ መድረክ አልነበረም፤ የቀረው ቤት ነበር። እምነት ከዚያ ትውልድ ወደ ወላጆቻችን የተሻገረው በአብዛኛው መጋረጃ በተጋረደበት ክፍል፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በሚጸልዩ አባቶችና እናቶች በኩል ነው።

ቅዱስ መጽሐፍም ከእኛ የቀብር ወረቀት በተለየ መንገድ ይመዝናል። የዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 11 የእምነት ሰዎችን ሲዘረዝር ስለ ያዕቆብ የራሱ የእምነት ሥራ የሚናገረው በአንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ በቁጥር 21። እኛ ጸሐፊዎቹ ብንሆን ኖሮ ምን እንመርጥ ነበር? በቤቴል ያየውን መሰላል፣ ወይም በያቦቅ ወንዝ አጠገብ እስከ ንጋት የታገለበትን ሌሊት አይደለም? መልእክቱ ግን እነዚህን አልፎ፣ አንድ ሊሞት የተቃረበ ሽማግሌ በበትሩ ተደግፎ የልጁን ልጆች መባረኩን ይመርጣል። ከ147 ዓመት ሕይወት ውስጥ የተመረጠው የአያትነት ሥራው ነው።

ታሪኩን በዘፍጥረት 47 እና 48 ብታነቡት ያዕቆብ የገዛ ሕይወቱን ሁለት ጊዜ ሲናገር ታገኙታላችሁ። መጀመሪያ በፈርዖን ፊት ቆሞ ዕድሜውን ሲጠየቅ 130 ዓመት መሆኑን ይናገራል፤ ዘመኑ ጥቂትና መከራ የበዛበት እንደነበረም ይጨምራል። ከ17 ዓመት በኋላ ግን በኤፍሬምና በምናሴ ፊት ያንኑ ሕይወት ሲናገር፣ እግዚአብሔር እስከዚያ ቀን ድረስ እንደ እረኛ እንደጠበቀውና ከክፉ ሁሉ እንዳዳነው ይመሰክራል። ሐዘኑንም አልደበቀም፤ ራሔል በመንገድ ላይ መሞቷን እዚያው ያነሣል። ሰውየው ያው ነው፣ መከራውም ያው ነው። ለንጉሡ የነገረው ቁጥርና ድካም ነበር፤ የሕይወቱን ትርጉም የሰሙት ግን የልጅ ልጆቹ ናቸው።

በሥዕሎች ላይ ኤፍሬምና ምናሴ ብዙ ጊዜ ትንንሽ ልጆች ሆነው ይታያሉ። ሒሳቡን ብናሰላው ግን ሌላ እናገኛለን። የተወለዱት ረሃቡ ከመግባቱ በፊት ነው። ያዕቆብ ወደ ግብፅ የወረደው ረሃቡ 2 ዓመት ከቆየ በኋላ ሲሆን፣ በዚያም 17 ዓመት ኖረ። እንግዲህ በዚያ አልጋ አጠገብ የቆሙት ወደ 20 ዓመት የተጠጉ ወይም ያለፉ ወጣቶች ነበሩ፤ የእናንተ እኩዮች ማለት ነው። በግብፅ ተወልደው ያደጉ፣ እናታቸው የግብፅ ካህን ልጅ የሆነች ወጣቶች፣ የአያታቸውን ታሪክ ለመስማት ጊዜ አግኝተው መጡ።

ሌላው ጥያቄ የእውነት ጥያቄ ነው። በእኛ አገር «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ይባላል። ጥሩ አባባል ነው፤ ራሱን መከላከል በማይችል ሰው ላይ ከመፍረድ ይጠብቀናል። ነገር ግን ከወቀሳ መራቅ ሌላ፣ ነውር የሌለበት ሰው መፍጠር ሌላ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ያዕቆብን ሲያከብር ጥፋቱን አልሸፈነም። አባቱን አታሏል፤ ዮሴፍን ከሌሎቹ አብልጦ ልዩ ቀሚስ በማልበሱም ቤቱን የከፈለ ጥል እንዲነሣ ምክንያት ሆኗል። ይህን ሁሉ አንብበን ወደ ምዕራፍ 48 ስንደርስ ነው እነዚያ የተዘረጉ እጆች ክብደት የሚኖራቸው።

በአያቴ ለቅሶ ላይ ይህን አይቻለሁ። የሚመጣው ሁሉ «እንደ እሳቸው ያለ የለም» እያለ ሲያልፍ፣ ዝም ብሎ የተቀመጠው አጎቴ በሦስተኛው ቀን ማታ ተናገረ። ትምህርቱን በማቋረጡ አያቴ በቁጣ እንደመቱት፣ እርሱም ከቤት ወጥቶ በሌላ ከተማ እንደኖረ ነገረን። «በሁለተኛው ዓመት አባቴ በአውቶቡስ መጣ» አለ። «ከምሠራበት ጋራዥ በር ላይ ቆሞ በጓደኞቼ ፊት ይቅርታ ጠየቀኝ። በየማለዳው ስሜን ሳይዘል ሲጸልይ እንደኖረ ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው።» ከዚያ ሁሉ ሙገሳ ይልቅ ያጽናናን ይህ ነበር። ማንም የማያውቀው ፍጹም ሰው ከሚታሰብልን፣ ተሳስቶ የተመለሰው የእኛ ሰው ቢታሰብልን መረጥን።

ከእናንተ መካከል እንዲህ ያለ አባት ወይም አያት ያልነበረው እንዳለ አውቃለሁ። ያልነበረውን ነበር በሉ አልላችሁም፤ በቀብር ላይ የሚነገር ውሸት እናንተን ዳግመኛ ያቆስላል። ኤፍሬምና ምናሴም የመጀመሪያ ዓመታቸውን ያለ ያዕቆብ ነው ያሳለፉት፤ ያዕቆብ ዘግይቶ የመጣ አያት ነበር። በመጨረሻ ግን እንደ ሮቤልና እንደ ስምዖን የራሱ ልጆች አድርጎ ቆጠራቸው። በየአጥቢያችን ወጣት የሚጠይቃቸው አጥተው በዝምታ የሚቀመጡ አረጋውያን አሉ። የሥጋ ዝምድና ባይኖራችሁም አጠገባቸው ተቀመጡ።

እንግዲህ ዕዳችን ሁለት ነው እላለሁ፦ ማየትና እውነቱን መናገር። ሁለቱም ከሞት በኋላ የሚጀመሩ አይደሉም። የሕይወት ታሪክ የሚያዘጋጀው ሰው የቀብሩ ሌሊት በችኮላ ሲጽፍ የሚያገኘው መታወቂያና የጡረታ ደብተር ነው፤ ሌላውን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። በዚህ ሳምንት ወደ አያቶቻችሁ ስትሄዱ የተወለዱበትን ዓመት ብቻ አትጠይቋቸው። በጣም የፈሩበትን ቀን፣ ይቅርታ የጠየቁትን ሰው፣ ለእናንተ የሚጸልዩትን ጸሎት ጠይቋቸው። ስልካችሁን አስቀምጡና ጊዜ ወስዳችሁ ስሟቸው። የሰማችሁትንም በራሳቸው አነጋገር ጻፉት።